ዱባ በጣት አይጠቆምም

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ዱባ ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጯ "የትኛውን ልስጥሽ?" አለችኝ። ጠቋሚ ጣቴን አጥፌ በአንጓው አሳየኋት። ሴትዮዋ ሳቀች። "አንቺስ እናት ያሳደገችሽ ነሽ" አለች። እጄን አየሁት፤ ለካ ሳላስበው ነው። አጠገቧ ለሁለት የተከፈለ ዱባ ነበር። ያ እርጥብ፣ ሣር ሣር የሚል ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ከቡሬ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም፣ እኛ ጓሮ ገባሁ።

ልንገራችሁ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ ፕሪፓራቶሪ የማያስገባ ሆኖ ቤት የተቀመጥኩበት ክረምት ነው። ተቀመጥኩ ስል ለወጉ ነው እንጂ እኔ ተቀምጬ አላውቅም። እናቴ "አንቺን ያረገዝኩሽ ጉንዳን ላይ ቆሜ ነው" ትለኝ ነበር። ጭነት መኪና ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ካሜራ ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ የቻይና ስልክ። "ሥራ እስክታገኚ እጅሽን ያዢበት" አለኝ። እጄን ብቻ አልነበረም የያዘው።

ጠዋት ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በቅንጭቡ አጥር መሀል ስትገባ፣ ጓሮ ነበርኩ። ጤዛው እስከ ጉልበቴ ያረጥበኛል። የበርበሬው ቅጠልና የጤና አዳሙ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ከታች ሰፈር ወፍጮው ዱግ ዱግ ይላል። ጌሾው ላይ እስስት ነበረች። እሷን ፎቶ ለማንሳት ትንፋሼን ይዤ እንደ ግንድ መቆም ተማርኩ፣ እኔ ቁንጢጧ። አባ ጨጓሬ አነሳሁ፤ የሸረሪት ድር ላይ ጤዛው እንደ ጨሌ ተሰክቶ አነሳሁ፤ ግራዋው ላይ ጎጆ የሠራችውን ዋነስ አነሳሁ። ቀን አላሳልፍም። ዛሬ ያነሳሁትን ቅጠል ነገም አነሳዋለሁ፤ ምን እንደሚሆን ካላየሁ አይሆንልኝም። የሰፈሩ ልጆች "ለእንሽላሊት ፎቶ ቤት ከፈተች" ብለው ሳቁብኝ። "እንሽላሊት ከእናንተ ይሻላል፤ ሲያነሱት አፉን አያጣምም" አልኳቸው።

እናቴ ግድ አልነበራትም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ከዱባ።

በእኛ አገር ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም። ከጠቆሙት ይበሰብሳል፣ ይረግፋል ይባላል። ማሳየት ግድ ከሆነ ጣት ታጥፎ ነው። እናቴ ይህን ሕግ እስከ ስልኬ አደረሰችው። "ለጣት ያልተፈቀደውን ለመስተዋት ማን ፈቀደለት?" አለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ዱባው ተራ ዱባ አልነበረም። የጥቅምት ማርያም የጽዋው ተራ የእኛ ቤት ነበር። ማኅበርተኞቹ ጽጌን ስለሚጾሙ እናቴ በዱባ ወጥ ልታስተናግዳቸው አስባ፣ ሐረጉን እንደ አራስ ልጅ ስትጠብቅ ከረመች።

እኔ ግን አነሳሁት። የዱባ አበባ በጠዋት ሲከፈት፣ ንብ ገብታ ቢጫ ዱቄት ለብሳ ስትወጣ አይቶ የማያነሳ ሰው ካለ ዓይን የለውም። ከአበባው ሥር ጡጫ የምታክለውን ለጋ ዱባም አነሳሁ። በየቀኑ።

ነሐሴ ላይ ለጋዎቹ መርገፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናሉ፣ ቀጥሎ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ በስብሰው ከሐረጉ ይለቃሉ። የላይ ቤት ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ስልኬን ዱባው ላይ ደግኜ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ። እናቴን ጠርተው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ "አንቺ ሌባ በአጥር ትጠብቂያለሽ፤ ልጅሽ ከውስጥ ሆና በመስተዋት ትበላልሻለች" አሏት።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የበላሁት?" አልኳቸው።

"እኔማ ምን አውቄ ልጄ። ዱባው ይንገርሽ።"

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘረጋች። ስልኩ ሣጥን ውስጥ ሊቆለፍ፣ ወንድሜ ለመስቀል ሲመጣም ሊመለስለት ተፈረደ። "ከዚያ በፊት ግን" አለች፣ "ዱባዎቼን ከውስጡ አውጪልኝ።"

"እንዴት አድርጌ ነው የማወጣቸው?"

"እንዳስገባሻቸው።"

ፎቶዎቹን እንዳጠፋቸው ነበር የፈለገችው። ዱባዎቿ ስልኩ ውስጥ ታስረው የቀሩ መስሏት ነው፤ ሲፈቱ ሐረጉ ያገግማል ብላ። ምን ልበላት? ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና፣ እሷ ከአጠገቤ ቆማ እያየች፣ አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። ያለዚያ ስልክ ጠዋቶቼ ምን ሊሆኑ ነው? ትምህርት ቤቱ አይፈልገኝም፤ ሥራ የለኝም። የእኔ ያልኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ለስንብት ብዬ አንዱን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ዱባው ላይ ትንሽ ቡናማ ዝንብ አለች፤ ወገቧ ቀጭን፣ ክንፏ ዥጉርጉር፣ የኋላዋን ዱባው ላይ ተክላለች። የቤት ዝንብ አይደለችም። የማግስቱን ፎቶ ከፈትኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ነጥብ ሙጫ አውጥቷል። ቀጥሎ ባለው ፎቶ ዙሪያው ቢጫ ሆኗል። የሌላ ዱባ ፎቶ ከፈትኩ፤ እዚያም ያቺው ዝንብ።

"እማ፣ ቆይ። ቢላ ስጪኝ።"

"ደግሞ ቢላ ለምን?"

"ስጪኝ ብቻ።"

የረገፈውን አንስቼ ለሁለት ስከፍለው ውስጡ ነጭ ትል ይርመሰመሳል። ጎረቤታችንም አጥሩን ትተው በበሩ ገብተው ነበር። ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው አራቁት። "እሺ፣ ዝንቡ በላው" አሉ። "ዝንቡንስ ማን ጠራው?"

ያኔ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አፌ ይቀድመኛል። "እንወራረድ" አልኩ። ከተረፉት ለጋዎች ሁለቱን መረጥን። በአጥሩ ጥግ ቅጠል የሸሸገውን ማንም እንዳይጠቁመው፣ ማንም እንዳያነሳው። ሌላውን እኔ ዝንብ እንዳይደርስበት በአሮጌ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ግን በየጠዋቱ ገልጬ አነሳዋለሁ። "የእኔው ከበሰበሰ ስልኩን ለወንድሜ ሳይሆን ለወንዝ ስጪው" አልኳት እናቴን። ትሉን ሳይሆን እኔን ስታይ ቆየች። ከዚያ ገባችና ያረጀ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፤ ራሷ ቀደደችው።

መስከረም ሲጠባ፣ ያ ማንም ያላየው ዱባ ከቅጠሉ ሥር ረግፎ አገኘነው። የእኔው አበጠ። ጨርቁ ጠበበው፤ ልብስ እንዳጠረው ልጅ ሌላ ቀየርንለት። ከዚያ በኋላ ሐረጉ ያፈራውን ሁሉ ጠቀለልን። ጓሯችን ጥርሳቸውን ታመው ጉንጫቸውን ያሰሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት መሰለ። አንድ ቀን ጎረቤታችን አሮጌ መቀነት በብብታቸው ይዘው መጡ። "ልጅሽን ለአንድ ጠዋት አበድሪኝ" አሏት እናቴን። "ከነመስተዋቷ።"

አንድ ማለዳ እናቴ ከጓሮ ተጣራች። "ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።" ስሄድ ጨርቁን ገልጣ ቆማለች፤ ዱባው ገዝፎ ጤዛ ለብሷል። "ይሄን አንሺው" አለችኝ፣ ጣቷን ዘርግታ። እንደ ሕጉ አጥፋው አይደለም። ቀጥ አድርጋው፣ ጫፉ ዱባውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። ስልኬን እንደያዝኩ ደነገጥኩ። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች፤ አውቃ ነው ያደረገችው። "ፈጠን በያ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ።" አነሳሁት።

ዱባው ለጽዋው ደረሰ፤ ተርፎም ጎረቤት በላው። ማኅበርተኛው ሲመርቃት እናቴ "እኔን ተዉኝ፣ ያሳደገችው እሷ ናት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ውጤት ከወጣ ወዲህ ሰው ፊት ቀና ብዬ የቆምኩት ያን ቀን ነው።

ስልኩ በኋላ ውኃ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ቀረ፤ እስስቷም፣ ሸረሪቷም፣ ዋነሷም አብረውት ሄዱ። ያቺን አንዷን ፎቶ ግን አስቀድሜ አሳጥቤያት ነበር። ባለፎቶ ቤቱ "ይቺን ጣት ልቁረጣት? ፎቶውን አበላሽታዋለች" አለኝ። "ከነካሃት የአንተን ነው የምቆርጠው" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ቡሬ በተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ "እኔ ምን ፊት አለኝ፣ ጓሮውን አንሺ" ትለኝ ነበር። ካረፈች ወዲህ ፎቶዋን አሳዪን ለሚሉኝ ያለኝ ይኸው ነው፤ አንድ ዱባና አንድ ጣት። ጥፍሯ ሥር አፈር አለ።

ቅዳሜ ዱባዬን ተሸክሜ ስገባ ፎቶዋ ፊት ቆምኩ። ዝንቧን አውቃታለሁ፤ በዱባ ጉዳይ ማንም አያታልለኝም። ጣቴን ግን እስከ ዛሬ አጥፌ ነው የምጠቁመው። ቀጥ ማድረጉን ለእሷ ትቼላታለሁ።