የሐጂ ተመላሽ

መርካቶ ውስጥ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች የሰው ማህተም እናስቀምጣለን። ይህን ለሌላ ሰፈር ሰው ስናገር የሚያምነኝ የለም። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ በየቢሮው መንከራተት አይፈልግም፤ ስለዚህ ማህተሙን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ግብር በኮምፒውተር የሚያስታውቅበትን የይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጥቶን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በስሙ ደብዳቤ የምንጽፈውም፣ የምናትመውም፣ ግብሩን የምናስታውቀውም እኛ ነን። እኔም ከራጉኤል ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠባቧ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ የብዙ ሰው ማህተም ነበረኝ። አንዱ የሐጂ ነበር።

ሐጂ ሶማሌ ተራ ኩሽኔታ ይሸጡ ነበር፤ የመኪና ጎማ የሚሽከረከርበትን ያን የብረት ቀለበት። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ሱቅ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲጮህባቸው ደግሞ ይብስ ዝቅ ያደርጉታል። እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ደንበኛ ደረሰኝ ሳያመጣ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ጩኸቴ ኮሪደሩን ያዳርሰዋል። ሐጂ ላይ ግን አንድም ቀን ጮኼ አላውቅም፤ የምጮህበት ምክንያት አልሰጡኝም። ደረሰኛቸውን በወር በወሩ፣ በቀን ተራ አስይዘው፣ በላስቲክ አስረው ነበር የሚያመጡልኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ የበደልኩት እሳቸውን መሆኑ እስካሁን በራሴ ያናድደኛል።

በዚያ ዓመት ሐጂ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ጋራዥ ዕቃ አቀረቡ። ድርጅቱ በከፈላቸው ቁጥር፣ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ከክፍያው ላይ ግብር እየቀነሰ በስማቸው ለመንግሥት አስገባ። ዓመቱ ሲዘጋ ትርፋቸው ትንሽ ሆነና አስቀድሞ የተቀነሰባቸው ሊከፍሉት ከሚገባው በለጠ። እንዲህ ሲሆን ብልጫው የነጋዴው ነው። ግብር የምናስታውቅበት ቅጽ መጨረሻ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ገንዘቡ ተመላሽ ይደረግልኝ ይላል፤ ሁለተኛው ለሚቀጥለው ዓመት ግብሬ ይያዝልኝ።

እኔ ከማውቀው የመርካቶ ነጋዴ አንደኛውን የሚመርጥ የለም። ተመላሽ የጠየቀ ሰው ላይ ኦዲተር ይመጣል ተብሎ ይፈራል፤ ኦዲተር ከመጣ ደግሞ የዘንድሮውን ሊያይ መጥቶ የድሮውን ሳይነካካ አይሄድም ይባላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምርጫ ማንንም ሳልጠይቅ ነበር የምነካው። ነጋዴውም ጠይቆኝ አያውቅም።

ድሮ በወረቀት በምናስታውቅበት ጊዜ ይህ አይሆንም ነበር። ነጋዴው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቅጹን ገጽ በገጽ ይፈርማል፤ ባያነበውም ዓይኑ ያርፍበታል። ሐጂም የዚያን ዓመት "በወረቀት ብናደርገውስ? እኔም ልፈርምበት" ብለውኝ ነበር። "ሐጂ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር እጨርስልዎታለሁ" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ።

ይህን ያሉኝ መስከረም ላይ፣ የመጨረሻውን የደረሰኝ እስር ሊሰጡኝ በመጡ ቀን ነው። የዚያን ዕለት ሌላም ነገር ነግረውኝ ነበር። ሱቁን ሊዘጉ ነው። ዕቃውን ሸጠው ጨርሰዋል፤ ንግድ ፈቃዱን አያሳድሱትም። ባለቤታቸውን ሐጅ ሊወስዱ ነው። እሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ሄደዋል፤ ያኔ አቅማቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የበቃው፤ ሲመለሱ ለባለቤታቸው ቃል ገቡላቸው። "ተመላሹን ጠይቂልኝ ልጄ። የጎደለችኝን ገንዘብ ያቺ ትሞላልኛለች" አሉኝ። እኔ አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ከሌላ ደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር። "እሺ ሐጂ" አልኳቸው። አልሰማኋቸውም። ቃላቸው አንድ በአንድ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ስልኬ ፋታ ባጣበት በዚያ ሳምንት፣ የሐጂን የግብር ማስታወቂያ ከሌሎቹ ጋር ሞላሁ። እጄ እንደለመደው ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልኝ የሚለውን ነካ። ለተዘጋ ሱቅ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም።

ታኅሣሥ ላይ መጥተው "ልጄ፣ ተመላሹ ከምን ደረሰ?" አሉኝ። "ልየው" ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ምርጫዬን ሳየው ፊቴ ጋለ። ስክሪኑ ወደ እኔ ዞሮ ስለነበር እሳቸው አላዩትም።

ያን ዕለት ማሻሻያ ማስገባት እችል ነበር። "ሐጂ፣ ተሳስቻለሁ" ማለትና ጉዳዩን እዚያው ማረም። ግን ማሻሻያ ሲገባና ተመላሽ ሲጠየቅ መዝገቡ በኦዲተር ይታያል። የሐጂ መዝገብ ውስጥ ደግሞ የሁለት ወር ግዢ አልተጻፈም። ደረሰኞቹ በላስቲክ እንደታሰሩ ጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ነገ እጽፈዋለሁ እያልኩ ረስቼዋለሁ። ይህ ቢወጣ ሐጂን የሚጎዳ ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ወጪ ሲጨምር ግብሩ ስለሚያንስ የሚመለስላቸውን ከፍ ያደርገው ነበር። የሚያዋርደው እኔን ነው። ሶማሌ ተራ ደግሞ ወሬ ከጠዋት እስከ ምሳ ድረስ ሁሉም ሱቅ ይገባል።

"ዘግይቷል ሐጂ" አልኩ። "ግብር ቢሮ እንዲህ ነው።"

"ስንት ይቆያል?"

"አይታወቅም።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ቢሮ አዘገየ ሲባል ማስረጃ አምጪ የሚል ሰው የለም፤ እኔም የተማመንኩት ይህንን ነው። ቢሮው ግን ምንም አላጠፋም ነበር፤ ያልተጠየቀውን ከየት አምጥቶ ያዘገያል?

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመሩ። የሕንፃው ሊፍት ከተበላሸ ቆይቷል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብለው ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ ጫማቸው ደረጃውን ሲረግጥ እሰማለሁ። ያን ድምፅ ስሰማ ሆን ብዬ ስልክ አነሳለሁ፣ ወረቀት አገላብጣለሁ። ገብተው ቁጭ ይላሉ፤ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ በመጨረሻ "ያቺ ነገርስ?" ይላሉ። "አልመጣም" እላቸዋለሁ። "እሺ፣ ምን ይደረጋል" ብለው ይነሳሉ። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

የሐጅ ምዝገባው ከረመዳን በፊት እንደሚዘጋ ነገሩኝ። የባለቤታቸው ስም ገብቷል፤ አብዛኛው ተከፍሏል፤ የቀረው ተመላሹ የሚሸፍነው ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ህሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ዕቁቤ ወጥቶልኝ ስለነበር "ሐጂ፣ እኔ ላበድርዎትና ተመላሹ ሲመጣ ይስጡኝ" አልኳቸው። ደግ ሰው መስዬ። የሰረቅሁትን ላበድራቸው።

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ አሰቡ። "አላህ ይስጥሽ" አሉኝ፤ "ግን በብድር ሐጅ እንዴት ይኬዳል? እሷም ብትሰማ እሺ አትለኝም።" አልገፋሁም። እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ገንዘቡ ብድር ሳይሆን ካሳ ይሆን ነበር፤ ምናልባት ይቀበሉኝ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ምዝገባው ተዘጋ። በማግስቱ ሐሙስ አልነበረም፤ ግን መጡ። "ቦታዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ" አሉኝ። እኔ ያኔ ያደረግሁትን ሳስበው አፍራለሁ። ጠረጴዛውን እየመታሁ ቢሮውን ረገምኩ። "እነዚህ ሰዎች ህሊና የላቸውም" አልኩ። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚህ በኋላ አይመጡም ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተስፋዬም እሱ ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ ግን ያው የጫማ ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። ረመዳን ገብቷል። የእኛም ሁዳዴ ከእነሱ ጾም ጋር ገጥሞ ነበር። ሐጂ ውኃ ሳይቀምሱ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ያቺ ነገርስ?" አሉኝ። "አልመጣም" አልኳቸው። በቀጣዩ ሐሙስም እንዲሁ። በሚቀጥለውም። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ስግደቴን ሰግጄ፣ ሐሙስ ሲመጣ አንድ ጾመኛ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብዬ እዋሻለሁ። እንዲህ ያለ ጾም ምን እንደሚባል አላውቅም።

በረመዳን የመጨረሻው ሐሙስ፣ ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ፣ ጥያቄውን ሳይጠይቁኝ፣ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። "ሐጂ፣ ተመላሽ አልተጠየቀም። እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ ተሳስቼ ለሚቀጥለው ዓመት አስያዝኩት፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ እያወቅሁ ዋሸሁዎት" አልኩ። ካርቶኑንም ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አሳየኋቸው። አለቀስኩ፤ ማልቀሴም ራሱ አሳፈረኝ።

"አውቃለሁ" አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

"ምዝገባው የተዘጋ ሳምንት ግብር ቢሮ ራሴ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እንዲህ እንዳንቺ አዙራ አሳየችኝ። ጥያቄ አልገባም፣ አባቴ፣ አለችኝ።"

"ታዲያ ለምን ይመላለሱ ነበር? በጾም አፍዎ?"

"ለገንዘቡ አይደለም" አሉ። "ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነው።"

ማሻሻያውን እዚያው ሞላሁ። የተመላሽ መጠየቂያ ደብዳቤውን ጽፌ ፕሪንት አደረግሁና እንደለመድኩት ማህተማቸውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ራሳቸው ቀለሙን ነክተው ደብዳቤው ላይ መቱት፤ ልማዱ ስላልነበራቸው ማህተሙ ዘመም ብሎ አረፈ። ከዚያ በመሐረባቸው ጠርገው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም መልሱልኝ አላልኩም።

ከዒድ በኋላ ኦዲተሯ መጣች። "ይሄ ለምን አልተመዘገበም?" ስትለኝ "ስላልሠራሁት ነው" አልኳት። ሦስት ቀን ሠርታ፣ የሁለቱን ወር ግዢ አስጽፋ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ነግራኝ ሄደች። ያን ሁሉ ወር የፈራሁት ይህንን ነበር። ተመላሹ አሁን በእርግጥ ተጠይቆ፣ በእርግጥ ዘግይቶ፣ ኅዳር ላይ በሐጂ የባንክ ሒሳብ ገባ። በዚያ መሀል የሐጅ ወጪው ጨምሮ ስለነበር አሁንም ጎደላቸው።

ቀሪውን መዝገብ ሊወስዱ ይመጣሉ ብዬ የጠበቅሁት ሐጂን ነበር። ጥር ላይ ግን አንዲት ሴት አዛውንት ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ፤ ግድግዳውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ጉልበታቸውን እያሹ። "የሐጂ ባለቤት ነኝ። ወገቡን አሞት ነው፤ ደብተሮቹን አምጪ ብሎኝ ነው" አሉ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው።

ሐጂ ሁሉንም ነግረዋቸው ይሆናል፤ የሚሉኝን ልስማ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን ውኃውን ጠጥተው እጄን ያዙኝ። "ያ ቢሮ እንዴት አንገላታሽ" አሉኝ። "ሐጂ ሁሉን ነግሮኛል። እነሱ አዘገዩት እንጂ ልጅቷስ ብዙ ደክማልናለች አለኝ።"

ሐጂ የእኔን ውሸት ይዘውት ቤታቸው ገብተዋል፤ ባለቤታቸው እንዳይረግሙኝ። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ብናገር የማዋርደው ሐጂን ሆነ፤ ዝም ብል ደግሞ ለማን ብዬ ዝም እንዳልኩ ለራሴም አልታወቀኝም።

ደብተሮቹን በፌስታል አድርጌ ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። "ዕድሜ ከሰጠኝ ለከርሞ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴን ግን እንጃ" አሉኝ። አንድ ደረጃ ወርደው ዞሩና "አላህ የድካምሽን ይክፈልሽ ልጄ" ብለው መረቁኝ።

"አሜን" አልኩ።