ቀኝ ትከሻዬን ይዤ ወደ ደሃና

ለሰው ሁሉ የነገርሁት የጉዞዬ ምክንያት ትከሻዬ ነበር። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አዲስ በተነጠፈ የእግረኛ መንገድ ላይ ተንሸራትቼ በቀኝ ጎኔ ወደቅሁ። መንገዱ ሲያዩት ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን በሳሙና የታጠበ ይመስላል። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ "ጅማትዎ በከፊል ተቀድዷል" አለኝ። ወደ ኦፕራሲዮን ከመሄዳችን በፊት ለጥቂት ወራት በእንቅስቃሴ እንሞክረው፣ ክንዱን አስተኝተው ካስቀመጡት ይደርቃል፣ ካልተሻለዎት ያኔ እንቀደዋለን ብሎ ቀጠሮ ሰጠኝ።

ወዳጆቼ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድ አለኝ፣ ሌላው ጠበል፣ ሦስተኛው ባንኮክ። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር በጋዜጣ ላይ መቃወም የኖርሁበት ሙያ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰው እንኳ ስላልተስማማ የምቃወመው አጣሁና ሐኪሙን ሰማሁ።

እውነተኛው ምክንያት ትርንጎ ናት። ሚስቴ ናት፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። የእናቷ ዓይን ሲደክም ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደሃና ተዛውራ ሄደች። "ለጊዜው" ተባብለን ነበር የተለያየነው። ጊዜው ዓመታት ወለደ። መንገድ ሲከፈት እየተያየን፣ ሲዘጋ በስልክ፣ ስልኩም ሲጠፋ እየተናፈቅን ኖርን። በኅዳር መጀመሪያ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ለሐኪሙ ክንዴን፣ ለራሴ ደግሞ ሚስቴን ይዤ ልመለስ ቆርጬ ነበር።

ደሴ

በአውቶቡሱ የቀኙን መስኮት ያዝሁ፤ በዚያ በኩል የሚደገፈኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ደሴ አደርሁ። ሐኪሙ የላከኝ ፊዚዮቴራፒስት ያዘዘችኝን የጎማ ማሠሪያ ከሱቅ መግዛት ትቼ ከጎሚስታ የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ በቁመቱ አስቆርጬ ይዣለሁ። እሱን ከሆቴሉ በር እጀታ ጋር አስሬ ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ስስብ፣ ስለቅ፣ ስስብ፣ ስለቅ፣ ፎጣ ልታቀብለኝ የመጣችው ልጅ በሩን ከውጭ ገፋ አድርጋ ቆመች።

"ጋሼ፣ በሩ አልዘጋ አለዎት?"

"ስፖርት ነው።"

"እንግዲያው ቀስ ይበሉ፤ ያ እጀታ ባለፈው ሳምንት ነው የተጠገነው።"

ሰቆጣ

ከወልድያ በኋላ አገሩ እየደረቀ፣ ተራራው እየተራቆተ፣ ድንጋዩ እየበዛ ይሄዳል። ሰዉ ግን ያን ድንጋይ ሰብስቦ በየተዳፋቱ እርከን ሠርቶበታል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ቆሟል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰቆጣ መናኸሪያ ስንገባ የትርንጎ ወንድም ሞላ ይጠብቀኝ ነበር።

ሞላን እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚህ አገር የሚወዱት ሰው ሰላም የሚባለው በትከሻ ነው፤ ቀኝ በቀኝ፣ ገጨት ገጨት እያደረጉ፣ ናፍቆቱ በበረታ ቁጥር ምቱም ይበረታል። ሞላን በጣም ናፍቄው ኖሯል። በመጀመሪያው ምት ዓይኔ ጨለመ፤ በሁለተኛው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥሁ።

"ምነው አማቼ? መኪናው ነው ያዞረህ?"

"ትከሻዬ ነው፤ የታመመው እሱ ነው!"

"ታዲያ ለምን ሰጠኸኝ?"

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ በግራ ትከሻ ሰላም ማለት ጀመርሁ፤ ይህም ጣጣ አመጣ። ሞላ ያስተዋወቀኝ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ግራዬን ሲያዩ ወደ ኋላ ብለው "ምነው፣ ሳንተዋወቅ ተጣላን?" አሉ። ሞላ ጉዳዩን አስረዳቸው። ሳቁ፣ ከዚያም የታመመውን ትከሻ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው "እግዜር ይማርህ" አሉኝ። ያን ምሽት ሽሮ በልተን በየሱቁ ስንዞር ነጭ ማር ገዛሁ። ዋጋው አዲስ አበባ በሰቆጣ ስም ከሚሸጠው ግማሽ ያህል ነው፤ እኛ ዘንድ የሚሸጠው በአብዛኛው የስሙ ዋጋ መሆኑን ተረዳሁ።

ደሃና

በማግስቱ በቅጥቅጥ የደሃና ዋና ከተማ አምደወርቅ ደረስን። ትርንጎ ከጤና ጣቢያው ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥታ መንገድ ዳር ቆማለች። ፀጉሯ ላይ የማላውቀው ሽበት አየሁ። ስልክ ሽበት አያሳይም። ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አጥንቱን በአውራ ጣቷ እየፈለገች "ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ እዚህ ያምሃል?" ትለኛለች። ለወራት የተመኘሁትን እጅ እንደ በሽተኛ አገኘሁት። እንዳታቆም ብዬ የማያመኝንም ቦታ ያመኛል አልሁ።

ሻንጣዬን በአህያ ጭነን ወደ እናቷ ቀዬ በእግር ወጣን። እማማ ለምለም ከአማርኛቸው የአገሩ ቋንቋ ኽምጣኛ ይቀናቸዋል፤ ከልጆቻቸው ጋር በዚያ፣ ከእኔ ጋር በዚህ ያወራሉ። ዓይናቸው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን በጭቃ ግድግዳቸው ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ሳስኬድ ጥላዬን አይተው ኖሮ፣

"ልጄ፣ ግድግዳዬ ላይ ምን ጠፋህ?" አሉ።

"ክንዴን ወደ ላይ እያስለመድሁ ነው፣ እማማ።"

"ልመደው። ልስኑን ግን እንዳታረግፍብኝ።"

ትርንጎ ሕጓን ነገረችኝ፦ ተራመድ፣ በግራህ ውኃ ተሸከም፣ በቀኝህ ከትከሻ በታች ያለውን ሥራ ሁሉ ሥራ፤ ትንሽ ሕመም አያስፈራህ፤ እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን አብዝተሃል ማለት ነው። ታዘዝሁ። አጥር አጠበቅሁ፣ በሶ አሸሁ፣ አህያ ነዳሁ። ክንዴ በየቀኑ ግድግዳውን ጥቂት ጥቂት እያሸነፈ ሄደ።

ከዚያ የገብስ መውቂያው ቀን መጣ። አውድማው ላይ ሞላና ጎረቤቶቹ ነፋስ ጠብቀው በመንሽ እያነሱ ያዘራሉ፤ ገለባው ወደ አንድ ወገን ይበራል፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። እኔ ወደ ዳር የወደቀውን በመጥረጊያ እሰበስባለሁ። ትርንጎ ጠላ ይዛ ስትመጣ አየኋትና መጥረጊያውን ጥዬ መንሽ አነሳሁ። ሃምሳን የተጠጋ ሰው ለሚስቱ ጉልበቱን ማሳየት ሲያምረው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

"ኧረ የአዲስ አበባው መንሽ ያዘ!" አለ አንዱ።

"ወደ ሰማይ ላከው እንጂ!" አለ ሌላው። "አቤቱታ ነው እንዴ፣ ወረቀቱ እንዳይታጠፍ የምትሳሳለት?"

ወደ ሰማይ ላክሁት። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ተተረተረ፤ መንሹ ከእጄ ወደቀ፣ ገለባው ፊቴ ላይ ተመለሰ። ሳቁ ቆመ። ትርንጎ ጠላውን አስቀምጣ መጣችና ክንዴን በነጠላዋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጅ ድንጋይ ላይ አብረን ተቀመጥን። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ እንዳልተበጠሰ፣ ለጥቂት ቀን ዕረፍት ሰጥተን ከታች እንደምንጀምር ነገረችኝ። እኔ ግን የመጣሁበትን አወጣሁት።

"ከእኔ ጋር ተመለሺ። እናትሽንም ይዘን እንሂድ።"

"እማዬ ይህን ግቢ በእግሯ ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ብናወጣት በእውነት ትታወራለች።"

"እኔስ?"

"አንተ ምን ሆንህ? የምትጽፈው በእጅህ ነው።"

"ሕክምናዬ እዚያ ነው።"

ከበሩ መቃን ጋር ታስሮ የተንጠለጠለውን ከመነዳሪ በአገጯ አመለከተችኝ። "ሕክምናህ ያውና፣ ይዘኸው መጣህ።"

ሰው ሁሉ የማይደፍረውን ክርክር እደፍራለሁ ብዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ የሚረባ መከራከሪያ ፈልጌ አጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወዳጆቼ፣ ጋዜጣው... እየቆጠርሁ ሳለ እኔንም ሰለቸኝ።

በተከታዮቹ ሳምንታት ከታች ጀመርን። አጎንብሼ ክንዴን እንደ ዝሆን ኩምቢ አወዛወዝሁ፣ ግድግዳውን ዳግም ወጣሁ፣ ከትርንጎ ጋር ወደ ሥራዋ ወርጄ ብቻዬን ዳገቱን ተመለስሁ። ጃኬቴን የምታለብሰኝ እሷ ነበረች፤ መጀመሪያ የታመመውን እጅ፣ ቀጥሎ ደህነኛውን፣ ከዚያ ኮሌታውን ቀና ታደርጋለች። አንድ ቀን ጠዋት ብርዱ አጣድፎኝ ጃኬቱን ብቻዬን ለበስሁት። ዘወር ስል ትርንጎ እንደ ወትሮው ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። "ጎሽ" አለችና እጆቿን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። በሕይወቴ በመዳኔ ያዘንሁት ያን ጠዋት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ

ለቀጠሮዬ ብቻዬን ተመለስሁ። ሐኪሙ ክንዴን አስነስቶ፣ አዙሮ፣ በእጁ ተጭኖ ሞከረኝና "ቢላዋ አያስፈልገዎትም፤ እንቅስቃሴውን እንዳያቋርጡ" አለኝ። ከጉዞው የተማርሁትን በአጭሩ ለመጻፍ ያህል፦ የተቀደደ ነገር በጉልበት ሲስቡት ይብሳል፣ ሳይነኩት ሲተዉትም ይደርቃል፤ የሚሽረው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲደርሱለት ነው። ስለ ጅማት ነው የምጽፈው። ትዳር ትዝ ያለው አንባቢ በራሱ ኃላፊነት ነው።

በዚያው ሳምንት መጻሕፍቴን ከላይኛው መደርደሪያ በቀኝ እጄ አውርጄ አብዛኛውን ሰጠሁ፣ የቀረውን በካርቶን አሰርሁ። ቤቱን ለማከራየት ተነጋገርሁ። ይህን ሁሉ ስጨርስ ወደ ትርንጎ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ካርቶኖቹ በሩ አጠገብ እንደተደረደሩ ናቸው፤ የምወጣው በጎን ሾልኬ ነው። በየጠዋቱ መናኸሪያ እደውላለሁ፤ "ዛሬም የለም ጋሼ፣ ነገ ይሞክሩ" ይሉኛል። ከዚያ ከመነዳሪውን ስቤ፣ ግድግዳውን ወጥቼ እቀመጣለሁ።

ትናንት ኔትወርኩ ብቅ ሲል ትርንጎ ደወለች።

"ክንድህስ የት ደረሰ?"

"ከጆሮዬ አልፏል።"

"አንተስ?"

"እኔ ገና አዲስ አበባ ነኝ።"