ያልተቀበልኩት ድንጋይ

ዓመቱ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሁለት ነበር፤ እኔ ሃምሳ ዓመቴ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ ሳልነግራት ሞተች። ለንስሐ አባቴ መጠጡንም፣ ስድቡንም፣ ሰው ማማቱንም ተናግሬያለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። ምን ልበላቸው? አባ፣ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ሰው በደልኩ ልበል? ይስቁብኛል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። እንደማይስቁ ስለማውቅ ነው የዘለልኩት።

ጽሕፈቴ ደካማ ነው፤ ቻሉኝ። እዚሁ አስመራ አራተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ። በእኛ ጊዜ ትምህርቱ በአማርኛ ነበርና እስክሪብቶ ስይዝ የሚመጣልኝ እሱ ነው። የበደልኩትም ሰው በአማርኛ ነው የተማረው፤ ስለዚህ ይህን ሲያነብ አይቸገርም።

ሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ስፈታና ሳጠብቅ ኖርኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ወጣሁ። ሳባ የምትባል፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ሴት ገጀረት በሚባል ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ከፈተችና በር ጠባቂ ሆንኩላት። ስድስት ኮምፒውተር ነበራት። ከሰፈሬ ከሓዝሓዝ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እጠርጋለሁ፤ ሰው እስኪመጣ አንዱ ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ። ሳባ ክፉ አይደለችም፤ ፈቀደችልኝ።

አንድ ጨዋታ ነበር። ከየአገሩ ሰው ይገባበታል። ለራስህ አንድ ሰው ትሠራለህ፣ ስም ታወጣለታለህ፤ ያ ሰው በሥዕሉ ዓለም ውስጥ ይሄዳል፣ ይዋጋል፣ ማዕድን ይቆፍራል። የኢንተርኔቱ መስመር ቀርፋፋ ስለሆነ ሰውየው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ እኛም አብረነው እንቆማለን። ቋንቋ ብዙም አያስፈልግም ነበር። የላቲን ፊደል እንደሆነ ከመለዋወጫ ሳጥን ላይ ለምጄዋለሁ። አለቱን ትመታለህ፣ ብረት ይወጣል። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ስትመታ ደረጃህ ከፍ ይላል። ሌላ የለውም።

ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው መጥቶ፣ በርሀ፣ ዛሬ ከትናንት በልጠሃል አላለኝም። ያ ጨዋታ ግን በየቀኑ ይለኝ ነበር። ሌሎቹ ለመዝናናት ይገባሉ፤ ትንሽ ዞር ዞር ብለው፣ ተሳስቀው ይወጣሉ። እኔ ሥራ አደረግኩት። በቀኝ እጄ እየመታሁ ምሳዬን በግራ መብላት ጀመርኩ፤ ነውር መሆኑንም ረሳሁት። በስምንት ወር ደረጃ አርባ ሦስት ገባሁ።

«ጋሼ በርሀ፣ ጨዋታ ነው እኮ፣ ፈረቃ አይደለም» ትለኛለች ሳባ።

«ፈረቃስ ቢሆን ቶሎ ያልቅ ነበር» እላታለሁ። ያን ጊዜ የምቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ኣያ ተኽለ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ ሓዝሓዝ በር ለበር ጎረቤቴ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ኣያ የምለውም ለዚህ ነው። ዮናስ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ዮናስ በደርግ ጊዜ ሳይሰናበት በሱዳን በኩል ወጥቶ ስዊድን ገባ። እናቱ ስትሞት ለቀብሯ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣም አልተናገረም። ኣያ ተኽለ በስልክ አንድ ክፉ ቃል ተናገረው፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሲደዋወሉ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ዝም ይላሉ።

ያን ጨዋታ ያመጣው ዮናስ ነው። ለሳባ ጽፎ፣ አባቴን አስተምሪልኝ አላት። ኣያ ተኽለ እያጉረመረመ መጣ፤ የራሱን ሰው ሲሠራ ስሙን ተኽለ አለው፤ ሌላ ስም ማውጣት መደበቅ ነው ብሎ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ጨዋታው ውስጥ አንድ ድልድይ አለ። የአባትየው ሰውና የልጅየው ሰው እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዳንዴ ልጁ «ብርድ ነው» ብሎ ይጽፋል። አባቱ በአንድ ጣቱ እየፈለገ «እዚህም» ይላል። በስልክ የሚያሳፍረው ዝምታ እዚያ አያሳፍርም ነበር። ሲበቃው ተነሥቶ ሻሂ ይጠጣና ይሄዳል።

እኔ እንቀው ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተነሣሁት፤ እንቀው ነበር። በስምንት ወር ደረጃ አራት።

«ኣያ ተኽለ፣ ዓሣውን ይዘህ ይዘህ ለምን መልሰህ ትጥለዋለህ? ሰባ ዓሣ ብታመጣ እኮ ደረጃ ትወጣለህ» አልኩት አንድ ቀን።

«ዓሣው ምን አጠፋ?» አለኝ።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ትመጣለህ ታዲያ?»

«ኣንታ በርሀ፣ አንተ ጋራዡን ይዘህ መጣህ እንጂ እኔ ባቡሩን እቤት ትቼ ነው የመጣሁት።» ሳባ በሣቅ ሞተች። እኔ አልሳቅኩም፤ ቂም ያዝኩ። በዚህች ቃል ቂም የሚይዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ኣያ ተኽለ ሽንት እምቢ ብሎት ሆስፒታል ገባ። ልጠይቀው ስሄድ እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ዮናስ እንዳይሰማ። ቅዳሜ በእኔ ስም ገብተህ ድልድዩ ላይ ተቀመጥልኝ። ሠርግ ተጠርቶ ከረን ሄዷል በለው። እሱ የሚለውን ግን ቃል ሳታስቀር ንገረኝ።»

«እወ» አልኩ፤ በእኛ ቋንቋ አዎ ማለት ነው። የሚገባበትን ምስጢር ቃልም ነገረኝ። የሚስቱ ስም ነበር።

በዚያው ሳምንት እኔ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ማዕድን የምቆፍርበት ጉድጓድ ሥር፣ በብረት በር ተዘግቶ፣ አንድ ቀንዳም አውሬ አለ፤ የገደለው ደረጃ ይወጣል። በሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ቅዳሜ፣ በዚያችው አሥር ሰዓት። ሁለት ሰው አብሮ ካልቆመ አያስገባም። ከአንድ የሩቅ አገር ሰው ጋር እሠራ ነበር፤ እሱ ጥሎኝ ሄደ። ሁለተኛ ሰው አጣሁ። እና ኪሴ ውስጥ የኣያ ተኽለ ምስጢር ቃል አለ።

ደረጃ አራት ሰው ግን በሩ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሽማግሌውን ከድልድዩ አንሥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩት። ስድስት ቀን አለት አስመታሁት። ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርጌ በአንዱ ራሴን፣ በሌላው እሱን አሠራለሁ። ደረጃ አሥራ ሁለት አደረስኩት። ውለታ እንደዋልኩለት ነበር የቆጠርኩት። ከሆስፒታል ወጥቶ ሲያየው ደስ ይለዋል አልኩ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ በስሙ አለት አስፈልጠዋለሁ፤ እና ደስ ይለዋል አልኩ።

ቅዳሜው የቅበላ ዋዜማ ነበር። ጾሙ ሰኞ ሊገባ ሰው እርስ በርሱ ይቅር የሚባባልበት ጊዜ። ዮናስ ስዊድን ተቀምጦ ይህን አልረሳም፤ እኔ አስመራ ተቀምጬ ረሳሁት።

«ጋሼ፣ ድልድዩ ጋ አይደለም እንዴ ቃል የገባኸው?» አለችኝ ሳባ በጀርባዬ ስታልፍ።

«ደርሼ እመለሳለሁ» አልኳት።

ሁለቱን ሰዎች በሩ ፊት አቆምኳቸው፤ በርሀንና ተኽለን። ዮናስ ድልድዩ ላይ አባቱን አጣው። ጨዋታው ወዳጅህ የት እንዳለ ያሳያልና ፈልጎ መጣ። ቁልቁል ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርድ አየሁት፤ በጣም ይዘገያል። መስመሩ መስሎኝ ነበር። መስመሩ አልነበረም። ጀርባው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። መጥቶ ተኽለ ፊት ተንበረከከ።

እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ የተበደለውም ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ እንደሚያወርድለት የማያውቅ የለም። እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ሁለት ጊዜ እንዲህ አስታርቄያለሁ።

መስኮት ብቅ አለ። ዮናስ ድንጋይ ይሰጥሃል፣ ትቀበላለህ ወይ ይላል። አዎ እና አይ። ድንጋይ ደግሞ በዚያ ጨዋታ ዋጋ የሌለው ነገር ነው። ይከብዳል፤ የያዘ ሰው መሮጥ አይችልም። የለመደ ተጫዋች ድንጋይ አይቀበልም። አይ አልኩ። ይህቺ የመጀመሪያዋ በልማድ ነበረች፤ ጣቴ ናት ያደረገችው። ለእሷ ልከራከር እችል ነበር።

ከዚያ ጽሑፉ መጣ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ትግርኛ ነው፤ እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው። እንዲህ ይላል፦ «ኣቦ፣ እማማ ስትቀበር ያልመጣሁት ወረቀት ስላልነበረኝ ነው። ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። ይህን ለአንተ መናገር አፍሬ ነው። እዚያ ብሆን ሽማግሌ ይዤ እመጣ ነበር።» መስኮቱ እንደገና ብቅ አለ። ድንጋይ ይሰጥሃል፣ ትቀበላለህ?

ገብቶኛል። አልገባኝም ብል እዋሻለሁ። የአውሬው በር መከፈት ጀምሯል፤ ተኽለ ድንጋዩን ከያዘ መሮጥ አይችልም፤ መሮጥ ካልቻለ በሩ ይዘጋል፤ ከተዘጋ እስከሚመጣው ሳምንት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። እና አይ አልኩ። አንድ አባት ለልጁ ሊናገረው የማይችለውን ቃል እኔ በአባቱ ስም ተናገርኩት። በእሱ መስኮት ላይ ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ደርሶኛል፦ ተኽለ አልተቀበለም።

«ሕራይ ኣቦ» ብሎ ጻፈ፤ እሺ አባባ ማለቱ ነው። ድንጋዩን እንደተሸከመ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ስሙ ጠፋ። እኛ ገባን። አውሬውን ገደልኩት። ደረጃ አርባ አራት ሆንኩ። ሳባ አጨበጨበችልኝ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አልችልም ነበር? እችል ነበር። አባትህ አይደለሁም፣ በርሀ ነኝ፣ አባትህ ሆስፒታል ነው፤ በቃ፣ አንድ መስመር ናት። ግን በአባትህ ስም ብረት ስቆፍር ነበር ማለት አለብኝ። ይህን ማለት አቃተኝ። ግትር ነኝ፤ ከፍቼ የዘጋሁትን መልሼ አልከፍትም። እንዲህ ሲባልልኝ እንደ ሙያ ስቆጥረው ኖሬያለሁ።

ኣያ ተኽለ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ዮናስ ለቀብሩ መጣ፤ ከአገር በወጣ በአሥራ አራት ዓመቱ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ሳመ፤ ሆስፒታል እመላለስ እንደነበር ሰምቷል። «ኣቦይ በርሀ፣ የቐንየለይ» አለኝ፤ አመሰገነኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ መጨረሻው ይቅር አላለኝም» አለ። እኔ ምን አልኩ? «አባትህ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ግትር ነበር» አልኩ። የራሴን ስም ለሞተ ሰው ሰጠሁት። ልጁም አምኖ ሄደ።

ያን ጨዋታ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም ብል ደስ ይላችሁ ነበር። ሁለት ዓመት ተጫወትኩት። ደረጃ ሰባ ደርሻለሁ።

ዮናስ፣ ይህ ሲደርስህ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው አባትህ ነው፤ ሳይሰማህ እንዲሞት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ደግሞ አንተ ይቅር ልትል አትችልም። ቀሪው ይህ ነው፤ የዚያች ቅዳሜ ማግስት ጠዋት ያደረግኩት።

እሑድ ነበር፤ የቅበላው ዕለት። ሆስፒታል ሄድኩ። አባትህ ጢሙን አስላጭቶ፣ ትራሱን ከጀርባው አድርጎ በሩን እያየ ነበር። ገና ሳልቀመጥ፣ «መጣ?» አለኝ።

«አልመጣም» አልኩት።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ፤ ያጽናናኝ የነበረው እሱ ነው። «አንተንም ደግሞ በከንቱ አስቀመጥኩህ።»

«ምንም አይደል።»

ለመሄድ ስነሣ እጄን ያዘና፣ ቅበላም አይደል፣ «በርሀ፣ በዚያች በጋራዡ ነገር አስቀይሜህ እንደሆነ ይቅር በለኝ» አለኝ።

ይቅር አልኩት።