ለእታለም የተከለከለው ቅቤ

ይህ የሆነው በፋሲካ ነው። ዓመታት ቢያልፉም በዓሉ በመጣ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሣብኛል።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ታላቅ እኅቴ እታለም ደግሞ ደብረ ታቦር ትዳር ይዛ ትኖር ነበር። የጡት ካንሰሯ ወደ ጉበቷ መዛመቱ ሲነገረን፣ በዓሉን አብሬያት ልውል ሄድሁ። ነጠላዋ አጥንት ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። በሽታው ያከሳት መሰለኝ።

ከቅዳሴ ስንመለስ ገበታ ቀረበ። ለእኛ ዶሮ ወጥና አይብ፣ ለእሷ ዘይት ያልነካው ሽሮ!

"ምነው፣ እሷ አትገድፍም እንዴ?" አልሁ።

"ካንሰሩ የሚበላው ስብ ነው፤ ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ" አሉ ባሏ ጋሽ አበጀ። አስተማሪ ናቸው። "ቀለብ እየሰፈርን እናሳድገው?"

ለካ ከገና ወዲህ ቅቤ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዘይት ሁሉ ተከልክላለች። የንስሐ አባቷ ስለ ሕመሟ ዐቢይ ጾምን እንዳትጾም ፈቅደውላት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያነሣችላትን ጾም ባሏ መልሰው ጫኑባት።

"በመድኃኒቱ የረገፈው ፀጉሬ ብቅ ሲል አናቴን ቅቤ ቀቡኝ ብል፣ በአናትም ይገባል ተባልሁ" አለችና ሳቀች። "እኔ እንጂ ካንሰሩ መች ጾመ!"

እኔ አልሳቅሁም። ሳህኔን ወደ እሷ ገፋሁት።

"ኃላፊነቱን ትወስጃለሽ?" አሉኝ ጋሽ አበጀ።

"እወስዳለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ዶሮውን እየበሉ እሷን ሲያስርቡ ኃላፊነቱ የማን ነበር?"

በዓሉ እንዳለፈ ባሕር ዳር ለሕክምና ስንሄድ፣ ሐኪሙ መዝኗት ተቆጣ። አቅሟ ስለደከመ መድኃኒቷን ሊያዘገየው ግድ ሆነ።

ጋሽ አበጀ ያነበቡትን ነገሩት። "ካንሰሩ ስብ መጠቀሙ እውነት ነው" አላቸው ሐኪሙ። "ግን እሷ ባትበላም እሱ አያጣም። ስቡን ራሱ ይሠራል፣ ከሰውነቷም ይወስዳል። የተራበችው እሷ ናት።"



ቤት ስንገባ ለጋ ቅቤ አምጥቼ አናቷን ቀባኋት። ዓይኗን ጨፍና "ፋሲካዬ ገና ዛሬ ገባ" አለች።

የሚቀጥለውን ፋሲካ አላየችም። የገደላት ካንሰሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ለእግዚአብሔር ትቻለሁ። ያን ሽሮ ግን መተው አቃተኝ። ጋሽ አበጀን ይቅር እንድል በየዓመቱ እጸልያለሁ። እስካሁን አልሆነልኝም።