ከአባቴ የወሰድኩት አንቱታ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴ አልተናገርኩም፤ ለፓስተሬም አልተናገርኩም። በጸሎት እንኳ ሳነሳው «ያን ነገር» እያልኩ ነው የማልፈው፤ እግዚአብሔር የትኛውን ነገር እንደሆነ የማያውቅ ይመስል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይኼም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ድፍረት ግን የለኝም።

እኔ አባቴን ቆልፌባቸው ሄጃለሁ። ሳን ሆዜ ውስጥ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ከውጭ፣ በጓጉንቸር። ቆልፌባቸው ሥራ ገባሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልናገር፤ ሰበብ ስደረድር ከያዛችሁኝ ግን አትለፉኝ። ኦክላንድ ሌክ ሜሪት አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር የተከራየነው አፓርታማ ኪራዩ ሲብስብኝ አሮጌ ሞተርሆም ገዛሁ። አልጋም፣ ምድጃም፣ ሽንት ቤትም ውስጡ ያለ አውቶብስ ማለት ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ የጎማ መጋዘን ያላቸው አንድ የአገራችን ሰው፣ ጋሽ ታደሰ፣ ከመጋዘኑ ኋላ እንዳቆማት ፈቀዱልኝ። አዲስ አበባ ላሉት አባቴ ደግሞ በስልክ «የራሴን ቤት ገዛሁ» አልኳቸው። በር አላት፣ ጣሪያ አላት፤ ታዲያ ምን ዋሸሁ? አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሲያይዋት ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ቤትህ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ግን ደስ ባለኝ።

አባቴ አንቱ የተባሉ ሰው ነበሩ። ሰፈራችን ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ፣ ቀድሞ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነበር። እዚህም እሑድ እሑድ ኦክላንድ ወዳለው ቸርቻችን ይዣቸው ስሄድ ብዙም ሳይቆዩ ሰው ከበባቸው። የአማቷ መምጣት ትዳሯን ያናጋባት አንዲት ሴት ከነባሏ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። አባቴ ሁለቱንም ሰሙ፣ ሁለቱንም ገሠጹ፣ እያሳሳቁ አስታረቋቸው። የዚያን ቀን ወደ ሳን ሆዜ ስነዳ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። የእኚህ ሰው ልጅ ነኝ እያልኩ።

ሞተርሆሟ ጣሪያዋ ላይ አንድ ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ አላት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። በጋ ሲገባ ሁለተኛው ሥራዬ እሷን ማስታመም ነው። ማጣሪያዋን እያወጣሁ አጥባለሁ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ አቧራዋን አራግፋለሁ፤ የተጣመሙትን ስስ ቆርቆሮዎቿን አቀናለሁ። በየመስኮቱ ፀሐይ የሚመልስ የሚያብረቀርቅ መሸፈኛ ለጥፌያለሁ። ከኋላ ያለችውን የድንገተኛ መውጫ መስኮት ሙቀት ታስገባለች ብዬ በብሎን ጠርቅሜያታለሁ። ያላደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ ከመጋዘኑ መብራት የምስብበትን ቀጭን ገመድ በወፍራም አልቀየርኩም። ኤሲዋ ስትሠራ ገመዱ ሲነኩት ይፋጃል። ሙቀቱ ሲከር ደግሞ አቅም ያንሳትና ብሬከሩ ይወርዳል፤ ኤሲዋም ጸጥ ትላለች። ይህን አውቅ ነበር። ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት።

አባቴ ኤሲዋን አልወደዷትም። በእኛ አገር ሰው በነፋስ እንጂ በሙቀት አይሞትም። «ይህቺ ነገር ጀርባዬን መታችኝ» አሉና አንድ ቀን መተንፈሻዋን በፎጣ ጠቀጠቁት። ኤሲ ሲታፈን ውስጡ በረዶ ይጋግራል። ስመለስ ቤቱ ግሏል፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። አስረዳኋቸው። «እንግዲህ ሁለተኛ አልነካትም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ሲመጣባቸው ጋቢያቸውን ይደርባሉ እንጂ አልነኳትም። አባቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ጋሽ ታደሰ የፈቀዱልኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ ያውም ለማደሪያ። አባቴ ግን ሰው የለመዱ ናቸው፤ አንድ ቀን ወጥተው ከጎማ ሠራተኞቹ ጋር ሲጫወቱ ተገኙ። ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ። «ስማ፣ አባትህን አከብራቸዋለሁ። ግን ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ቢሆኑ ላያቢሊቲው የኔ ነው፤ በሕግ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቀን ላይ ድጋሚ ካየኋቸው ከግቢው ሙቭ ታደርጋለህ፤ ሶሪ።»

የት እሄዳለሁ? ይህን ጥያቄ ያኔም ጠየቅሁ፤ ዛሬም እንደ መከላከያ ይመጣብኛል። መንገድ ዳር ማቆም እችል ነበር። ቸርች ውስጥ «አባቴን ቀን ቀን አውሉልኝ» ብል የሚሽቀዳደም ሰው ነበር። ግን ያን ጊዜ የት እንደምኖር ይታወቃላ! ስለዚህ በሩ ላይ ከውጭ ማንጠልጠያ መታሁና ጓጉንቸር ገዛሁ። ለአባቴ «ለሌባ ነው» አልኳቸው።

«ሌባው እኔ ነኛ?» ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ተዉትና «እሺ» አሉ። «ድምፅም አያሰሙ፣ አባባ» አልኳቸው። ለዚህም «እሺ» አሉኝ።

ያን ቀን ሙቀቱ ከጠዋቱ ያስታውቅ ነበር። ቆልፌባቸው ፍሪሞንት ወዳለው ፋብሪካ ሄድኩ። ሥራ ላይ ስልክ ሎከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ከፈትኩት፤ አባቴ ደውለው ነበር። አንዴ ብቻ። ስለ ነፋሱ ሊያማርሩ ነው ብዬ አልደወልኩላቸውም። ሳንድዊቼን በላሁ።

ስመለስ ገና ከግቢው በር የኤሲዋ ድምፅ እንደሌለ ሰማሁ። ሮጥኩ። ጓጉንቸሩን ከፍቼ በሩን ስስበው አባቴ የበሩ ደፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ አፋቸውን በሩ ሥር ወዳለችው ክፍተት አስጠግተው ነበር። መተንፈሻዋ ላይ ፎጣ አልነበረም። ሠራተኞቹ ጥቂት እርምጃ ርቀው ጎማ ሲፈቱ ውለዋል፤ አንዴ ቢጮሁ ይሰሟቸው ነበር። አልጮሁም። ጋሽ ታደሰ እኔን እንዳያስወጡኝ ብለው ነው ያልጮሁት። እስትንፋስ ነበራቸው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ምን ይመስላችኋል? ስልክ? ውሃ? ብሎን መፍቻ ነው ያነሳሁት። አባቴ መሬት ላይ እያጣጣሩ እኔ ማንጠልጠያውን ነቀልኩ፤ ጓጉንቸሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዓይናቸው ገርበብ ብሎ ያየኝ ነበር። አምቡላንስ የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ስትጠይቅ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አባቴን ሳልጠይቅ መለስኩላት፤ ኤሲውን በፎጣ ደፈኑት፣ በሩም እንዴት እንደሚከፈት ጠፋባቸው አልኳት። እህቴ ሰናይትም ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውል ይህንኑ ደገምኩላት። እያለቀሰች «አባባ፣ ምነው በሩን ከፍተው ቢወጡ?» አለቻቸው።

አባቴ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረው «ረሳሁት፣ ልጄ» አሉ።

በሕይወታቸው ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የዋሹትም በራሳቸው ላይ ነው።

ወሬ እግር አለው። ሲሻላቸው ኦክላንድ ይዣቸው ስሄድ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ያናግራቸው ጀመር፤ ጆሯቸው ደህና ነበር። ነገሩን ይዞ እግራቸው ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። ያቺ ያስታረቋት ሴት ብርጭቆ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ውሃ ጠጣህ? ጎበዝ!» አለቻቸው። ጠጣህ! ክፋት አልነበረባትም፤ ለሕፃን የሚባለውን ነው ያለችው። አባቴ ብርጭቆውን ተቀብለው አመሰገኑ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «አባቴ ምንም አልረሱም፣ እኔ ቆልፌባቸው ነው» ለማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? ጫማዬን አየሁ።

አገራቸው ተመለሱ። ሰናይት ቤት ነው ያሉት። መጀመሪያ ላይ «አባባ እንዲህ አሉ» ትለኝ ነበር። እየቆየ «አባባ እንዲህ አለ» ሆነ። ሰፈሩም ለሽምግልና መጥራት ተወ፤ በር መክፈት የሚረሳ ሰው ምን ይፈርዳል? እሳቸው አንድም ቀን ራሳቸውን አልተከላከሉም። ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል? ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ምስክሩም ተናግሯል።

በቅርቡ ሰናይት ደወለች። «እኔ ፈራሁ። ሥራ ስሄድ ወጥቶ ቢጠፋስ? ከውጭ ልቆልፍበት መሰለኝ። ያኔ ያየኸው አንተ ነህ፤ አንተ ንገረኝ» አለችኝ።

አይሆንም ብላት «ለምን?» ትለኛለች። ያቺን «ለምን» ፈራሁ። ያኔ ቤት ማጣትን ፈርቼ ነበር፤ አሁንስ? አሁን ወፍራም ገመድ ገዝቻለሁ፣ ኤሲዋም ደህና ናት፣ የሚያስወጣኝም የለም።

«ቆልፊበት» አልኳት። ቆልፊባቸው እንኳ አላልኩም።

ስልኩ ስፒከር ላይ ኖሯል። ከኋላዋ የአባቴ ድምፅ መጣ። «እሺ» አሉ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የሚለምን ሰው ቀድሞ በሩን ይከፍታል። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል፤ እህቴ ቁልፉን የምታዞርበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። ትናንትም ሰዓቱ ሲደርስ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አልደወልኩም።