ወንበር የምትይዘው ኪኒን

አትጠገብ ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች ፋርማሲስት ናት። አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ በአማርኛም በሶማልኛም እኩል ትቆጣለች። ስምንት ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ ድርሻዬን አግኝቻለሁ።

ስለ መድኃኒት ስታወራ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አንድ ቀን የጡት ካንሰር ሕሙማን የሚወስዱትን ታሞክሲፈን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጠራችኝ።

«ባስልዮስ፣ ይህችን እያት። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ጡት ውስጥ የሚቀመጥበት ወንበር አለው። እዚያ ሲቀመጥ አንዳንዱን ካንሰር ያሳድገዋል። ይህቺ ደግሞ ሠርግ ቤት ቀድሞ እንደ ገባ እንግዳ ወንበሩን ትይዛለች። አትበላም፣ አታበላም፣ ተነሺ ቢሏትም አትነሳም።»

«እሺ» አልኳት።

«ምን እሺ ትለኛለህ! ዕድሜዋ የገፋ ሴት አጥንት ውስጥ ስትገባ እኮ ራሷ እንደ ኢስትሮጅን ሆና አጥንቱን ትጠብቃለች። የት ቤት ምን መሆን እንዳለባት ማን ነገራት?»

እኔ መሸጥ እንጂ መደነቅ አልለመድኩም። ያን ቀን ግን ከሽንብራ የማትበልጠውን ኪኒን አይቼ አልጠግብ አልኩ።

ይህን መድኃኒት ከኛ የምትወስደው ፋይሶ ናት፤ ቀብሪበያ ጨርቅ የምትሸጥ የአርባ ዓመት ሴት። አንድ ጡቷ አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ወጥቷል።

በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። ረመዳን ሲቃረብ የወር አበባ ጾማቸውን እንዳያቋርጥባቸው የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸው መጥተው መጠየቅ ያፍራሉ፤ አንዷ ለሰፈሩ ሁሉ ትገዛለች። የፋይሶ ባል እህት ናስትሆ ከቀብሪበያ መጥታ ሰባት ፓኬት ጠየቀች። ሰው ተሰልፎ ስለነበር አትጠገብ ለእነማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰጠቻት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን ናስትሆ ለልጇ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ተመልሳ መጣች። «ፋይሶም አላህ ይስጥልኝ ብላሻለች» አለቻት።

«ለምኑ?»

«ለኪኒኑ ነዋ። ሰባተኛው የሷ ነው።»

አትጠገብ ፊቷ አመድ መሰለ። ያ ኪኒን ራሱ ኢስትሮጅን አለበት። «አንዷን ኪኒን ወንበር ጠብቂላት ብዬ፣ በሌላው እጄ ጠላቷን ላኩባት» አለች። የፋይሶ ስልክ አልነሳ ሲል ፋርማሲውን ዘግተን፣ እሷ ነጩን ጋውን እንደለበሰች፣ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ አንድም ሰው አልተቆጣችም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ፋይሶን ሱቋ አገኘናት። አትጠገብ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ሳትሸሽግ ነገረቻት። ፋይሶ ፓኬቱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጾሙ ሳይገባ ጀምራው ስለነበር ዐሥራ አንድ ኪኒን ጎድሎበታል። ግን አልሰጠቻትም።

«አባዮ፣ እህቴ» አለች፣ «ሠላሳውን ቀን ሳላጎድል መጾም እፈልጋለሁ። የመጨረሻ ረመዳኔ ቢሆንስ?»

አትጠገብ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ዓይኔን ጨርቁ ላይ ተከልኩ።

«ሴት በወር አበባ ያጎደለችውን ቀን ከዒድ በኋላ ትከፍለው የለ?» አለቻት አትጠገብ።

«ትከፍላለች።»

«የሚከፍለው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የኔዋ ኪኒን በየቀኑ ወንበር ይዛ የምትቀመጠው ለዚያ ቀን እንድትደርሺ ነው። እባክሽ ፋይሶ።»

ፋይሶ ፓኬቱን አትጠገብ እጅ ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ሆነን ለሐኪሟ ደወልን፤ ያንን አቁማ ታሞክሲፈኑን ከአፍጥር በኋላ እንድትቀጥል፣ ለምርመራም እንድትመጣ አዘዘ። አትጠገብ ወደ ጅጅጋ የተመለሰችው ኪኒኑን የወሰዱትን የቀሩትን ስድስት ሴቶች በር አንኳኩታ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ከጠየቀች በኋላ ነው።

ግንቦት ላይ ፋይሶ ከአዲስ አበባ ምርመራ ተመልሳ መጣች። ውጤቱ ደህና ነው። ሙቀቱ የሚያቃጥል ስለነበር አትጠገብ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበችላት። ፋይሶ ብርጭቆውን በቀስታ ወደ እሷ መለሰችው።

«ጾመኛ ነኝ» አለች። «ካጎደልኩት ስድስት ቀን ዛሬ ሦስተኛው ነው።»