አጃኒ እና ከሰማይ መርጦ የመጣው ጭንቅላት

አጃኒ በሕይወቱ አጥፍቶ አያውቅም፤ የሚያጠፋው ጭንቅላቱ ነው። ሰው ወደዚህ ዓለም ከመምጣቱ በፊት በሰማይ ተንበርክኮ ጭንቅላት ከሚሠራው ሸክላ ሠሪ ዘንድ የገዛ ጭንቅላቱን እንደሚመርጥ፣ ዕጣውም እዚያው ውስጥ እንዳለ በኦግቦሞሾ ከተማ ዙሪያ የማያውቅ የለም። ሌላው ሰው ይህንን እያወቀም ማሳውን ያርማል። አጃኒ ግን ቸኩሎ ስንጥቁን ጭንቅላት እንዳነሳ ካመነበት ቀን ወዲህ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ማሳው አረም ሲውጠው «ምን ላድርግ፣ ጭንቅላቴ ነው» ይላል። የወንድሙን ሰርግ ተኝቶ ሲያሳልፍም መልሱ ያው ነው። እንዲህ ያለ ምቹ ጭንቅላት ማን ይጠላል!

አንድ በጋ፣ ሳሩ ክብሪት ብቻ በሚጠብቅበት ወር፣ ከአማቱ ቤት ጀርባ ጉድጓድ የገባች የዱር አይጥ በጭስ አስወጣለሁ ብሎ እሳት ለኮሰ። አይጧ ወጣች። እሱም እሳቱን እንደነደደ ትቶ ተከትሏት ሮጠ። ባዶ እጁን ሲመለስ የአማቱ የኢያ አሻኬ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ያከማቹበት ጎተራ የለም፤ የዓመት ቀለባቸው ከሰል ሆኗል።

«አየሽልኝ ይሄን ጭንቅላት!» አለ ለሚስቱ ለአቤኬ።

አቤኬ ያንኑ ዕለት ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት ገባች።

አጃኒ ዘጠኝ ቀን የካሳቫ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጠ በላ። ቤቱ ጭር ብሎ አስፈራው፤ ናፈቀችው። በአሥረኛው ቀን ሄዶ፣ አማች ፊት እንደሚገባው፣ በደረቱ መሬት ላይ ተዘረጋ። እንግዲህ «ተነስ» ካልተባለ መነሳት የለም።

«ጎተራዬን ያቃጠለው ማን ነው?» አሉ ኢያ አሻኬ ባሚያ እየከተፉ።

«ጭንቅላቴ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጭንቅላትህ እዚሁ ተኝቶ ይቆይ። አንተ መሄድ ትችላለህ።»

ፀሐዩ ጀርባውን ለበለበው። አንዲት ዶሮ መጥታ ማጅራቱ ላይ ወጣችና ትጭር ጀመር።

«እማማ፣ ኧረ ዶሮዋን!»

«እኔ ምን ላድርጋት? ጭንቅላቷ ይሆናል።»

ይሄኔ አቤኬ ከቤት ወጥታ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«አጃኒ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያባርርህ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃችን ተመላልሰሃል። ያም ጭንቅላትህ ነበር?»

አጃኒ አዎ ቢል ከጎተራው ነገር ይገላገላል፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ወድቃ የተገኘች ዕቃ ትሆናለች። ያ ስንጥቅ ጭንቅላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ያዘ።

«የለም» አለ። «እሱስ እኔ ነኝ። ጭንቅላቴማ ‹ተዋት፣ እግርህን አሳርፍ› ይለኝ ነበር።»

«ጎተራውስ?»

ግንባሩን አፈሩ ላይ ደፋ።

«እሱም እኔ ነኝ። እሳቱን እያየሁ ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ። እማማ፣ ቀለብዎን አቃጠልኩብዎት።»

ኢያ አሻኬ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ተነስ» አሉት።

አልተነሳም።

«ምነው፣ ዶሮዋ ከበደችህ?» አለች አቤኬ።

«አፍሬ ነው» አለ፣ ፊቱን ከአፈሩ ሳያነሳ።

ኢያ አሻኬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በይ ይዘሽው ግቢ» አሉ። «አሁን ሰው መጥቷል።»